ከእኔ ጠረጴዛ የተነሣው ጉም

ይህን የምጽፈው ከሌሎች ሰዎች ጋር በሚጋሩት ወርክሾፕ ውስጥ በኤርብረሽ፣ ማለትም ቀለምን በአየር ግፊት በሚረጭ ትንሽ መሣሪያ፣ ቀለም መርጨት ለጀመሩ ወይም ለመጀመር ላሰቡ ሰዎች ነው። እኔ ይህን መሣሪያ ለስድስት ዓመታት ያህል ስጠቀምበት ቆይቻለሁ፤ ከእነዚህም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ያሳለፍኩት ዛሬ ሳስበው በሚያስደነግጠኝ አኳኋን ነው። በዚያ ጊዜ የሠራኋቸው ስሕተቶች የራሴን ሳንባ ጎድተዋል። ከዚያ ይልቅ የሚከብደኝ ግን፣ ኤርብረሽ በእጃቸው ነክተው የማያውቁ፣ አጠገቤ ተቀምጠው የየራሳቸውን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ከእኔ ጠረጴዛ የሚነሣውን ጉም ያለ ምንም መከላከያ ሲተነፍሱ መክረማቸው ነው።

ወርክሾፑን የምንጋራው አምስት ሰዎች ነበርን፤ በዕድሜ የገፉ አንድ የእንጨት ባለሙያ፣ አንዲት ልብስ ሰፊ፣ ሁለት የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞችና እኔ። ቦታው ምንም ክፍልፋይ የሌለው አንድ ሰፊ ክፍል ሲሆን፣ መስኮቶቹ ሁሉ በአንድ ወገን ነበሩ። እኔ ትናንሽ ሞዴሎችን፣ የሞተር ብስክሌት ሄልሜቶችንና የማስታወቂያ ሰሌዳዎችን እቀባ ነበር።

ኤርብረሽ ሲያዩት የዋህ መሣሪያ ይመስላል። እንደ ብዕር ይያዛል፣ የቀለም ጽዋው ከጥቂት ሚሊሊትር በላይ አይዝም፣ ድምፁም ቀጭን ፉጨት ብቻ ነው። የአፍንጫው ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊሜትር ሲሆን፣ በዚያች ጠባብ ቀዳዳ የሚወጣውን ቀለም ከ1 እስከ 2 ባር፣ ማለትም ከ15 እስከ 30 ፒ.ኤስ.አይ. ግፊት ያለው አየር ይበታትነዋል። የሥራው ውበት የሚገኘው ነጠብጣቡ ረቂቅ ከመሆኑ ነው፤ አደጋውም የሚመጣው ከዚያው ነው። ወፍራም ነጠብጣብ ወዲያው መሬት ይወርዳል፣ ቢተነፍሱትም አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ከ10 ማይክሮሜትር በታች የሆነው ግን በአየር ላይ ተንሳፍፎ ይቆያል፣ ሲተነፍሱት ጉሮሮን አልፎ ወደ ሳንባ ይዘልቃል፣ ከሁሉ የረቀቀውም እስከ ሳንባ የአየር ከረጢቶች ድረስ ይደርሳል። ይህን ሳላውቅ ቀለም በብሩሽ በምቀባበት ልማድ መርጨት ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ስሕተቴ በውኃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቀለም ጉዳት የለውም ብዬ ማመኔ ነበር። በጠርሙሱ ላይ መርዛማ አለመሆኑ ተጽፏል፣ ሽታውም አያውክም፤ ስለዚህ ለዓመት ያህል ያለ ምንም ማስክ ረጨሁ። ያ ጽሑፍ ግን በአብዛኛው የሚናገረው ቀለሙ በብሩሽ ሲቀባ ስላለው ጠባይ ነው። ቀለሙ ሲረጭ ውኃው በአየር ላይ እንዳለ ይተንና ሙጫውና የቀለሙ ዱቄት ደርቀው ብናኝ ይሆናሉ። ሳንባ ደግሞ እንደ ሆድ አይደለም፤ የገባበትን የፕላስቲክ ብናኝ በቀላሉ አያስወጣም። አንዳንድ አክሪሊክ ቀለሞች አሞኒያ፣ ግላይኮል ኤተርና መከላከያ ኬሚካሎችም አሏቸው። የቀለሙ ዱቄት ራሱም ሊታሰብበት ይገባል፤ አንዳንድ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ ቀለሞች ካድሚየም አለባቸው፣ አንዳንድ ሰማያዊዎች ከኮባልት ይሠራሉ፣ በአንዳንድ አሮጌ ቀለሞች ውስጥ ደግሞ እርሳስና ክሮሜት ይገኛል። የካድሚየም ቀለም አምራቾች ብዙ ጊዜ በማሸጊያው ላይ ቀለሙ እንዳይረጭ ያስጠነቅቃሉ። እኔ ያን ማስጠንቀቂያ ያነበብኩት ቀለሙን ግማሽ ድረስ ከጨረስኩ በኋላ ነው። እባካችሁ የቀለሙን ስም ብቻ ሳይሆን በጀርባው በትናንሽ ፊደላት የተጻፈውን የዱቄቱን ስም አንብቡ፤ ካድሚየም የሚል ካለ ለብሩሽ አስቀምጡትና ለመርጨት ከእነዚህ ማዕድናት ነጻ የሆነ ተመሳሳይ ቀለም ፈልጉ።

በሁለተኛው ዓመት በቲነር የሚቀጥኑ ቀለሞችን መርጨት ስጀምር ሽታው ራሴን ያዞረኝ ስለነበር ማስክ ገዛሁ፤ የገዛሁት ግን ለአቧራ የሚሆነውን ነበር። ኤን95 ወይም ኤፍኤፍፒ2 የሚባሉት ማስኮች ብናኝን በደንብ ይይዛሉ፣ የቲነር ትነት ግን ጋዝ ስለሆነ ያለ ምንም ችግር ያልፋቸዋል። ማስኩን አድርጌ እየረጨሁ ሽታው ይሰማኝ ነበር፤ ያም ሆኖ ማስክ ካደረግሁ ተጠብቄያለሁ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። በማስክ ውስጥ ሆናችሁ ቲነሩ ከሸተታችሁ ወይ ማስኩ ለትነት የሚሆን አይደለም፣ ወይ ፊታችሁ ላይ አልገጠመም፣ ወይ ማጣሪያው አልቋል። በዚያች ቅጽበት ሥራውን አቁሞ ከክፍሉ መውጣት ነው እንጂ ሥራውን ጨርሼ አየዋለሁ ማለት አይገባም።

በዚሁ ጊዜ አየሩን ላሻሽል ብዬ ያደረግሁት ነገር ደግሞ ለሌሎቹ ይበልጥ የከፋ ሆነ። አንድ ተራ ቬንቲሌተር ከኋላዬ አቁሜ ጉሙን ወደ መስኮቱ እንዲገፋው አደረግሁ። እኔ ያለሁበት አካባቢ በእርግጥ ጠራ፤ ነገር ግን መስኮቶቹ ሁሉ በአንድ ወገን ስለነበሩና በተቃራኒው ወገን አየር የሚገባበት መንገድ ስላልነበረ፣ የተገፋው ጉም ግድግዳውን ታክኮ እየዞረ ወደ ክፍሉ ይመለስ ነበር። እኔ ያደረግሁት ነገር ጉሙን ከራሴ ፊት አንሥቼ በባልደረቦቼ ፊት ላይ መበተን ነበር። ይህን የተረዳሁት ግን በወራት ዘግይቼ ነው።

የተረዳሁበትም ምክንያት አንድ ነጭ ጨርቅ ነው። ልብስ ሰፊዋ ባልደረባችን ጠረጴዛዋ ከእኔ ስድስት ሜትር ያህል ይርቃል። አንድ ቀን በግማሽ ተሰፍቶ ያደረ ነጭ ልብስ ይዛ መጣችና በላዩ ላይ ያለውን ቀጭን ሰማያዊ ጥላ አሳየችኝ። ታጥፎ የነበረው ክፍል ንጹሕ ነው፤ ለአየር ተገልጦ የነበረው ክፍል ግን ሰማያዊ ወርዶበታል። «ማሽኑ ዘይት ያንጠባጥብ ይሆን?» ብላ ነበር የጠየቀችኝ። እኔ ግን ቀለሙን አወቅሁት፤ ከሁለት ቀን በፊት አንድ ሄልሜት የረጨሁበት ሰማያዊ ነበር። ለልብሱ ይቅርታ ጠይቄ ዋጋውን ከፈልኩ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የነሣኝ ግን ሌላ ሐሳብ ነው፤ ጨርቁ ላይ ያረፈው ይህን ያህል ከሆነ፣ በዚያው ወንበር ላይ ቀኑን ሙሉ የተቀመጠችው ሰው የተነፈሰችው ምን ያህል ይሆን?

በዚያው ሳምንት ሁሉም ከሄዱ በኋላ ብቻዬን ቀርቼ ለአሥር ደቂቃ ያህል ረጨሁ፤ ከዚያም መብራቱን ሁሉ አጥፍቼ አንድ ብርቱ የእጅ ባትሪ ከጎን በኩል አበራሁ። በቀን ብርሃን ፍጹም ጥርት ያለ ይመስለኝ የነበረው አየር በባትሪው ጨረር ውስጥ በብናኝ ተሞልቶ ታየኝ። ከጠረጴዛዬ ተነሥቼ በእንጨት ሥራው ቦታና በስፌት ማሽኑ በኩል እስከ በሩ ድረስ ባትሪውን ይዤ ሄድኩ፤ ብናኙ የሌለበት ቦታ አላገኘሁም። ግማሽ ሰዓት ጠብቄ ድጋሚ ሳበራም ገና አልወረደም ነበር። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ መርጨት ካቆምኩ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ማስኬን አወልቅ ነበር። በጋራ ቦታ የምትረጩ ሁሉ ይህን ሙከራ አንድ ጊዜ እንድታደርጉት አጥብቄ እለምናችኋለሁ፤ ስለ አየር ዝውውር ያነበብኩት ሁሉ ያላሳመነኝን ያህል ያ የባትሪ ጨረር አሳምኖኛል።

ያም ሆኖ የወሰድኩት እርምጃ ግማሽ ብቻ ነበር። አየሩን በስፖንጅ መሳይ ማጣሪያ አሳልፎ መልሶ ወደ ክፍሉ የሚለቅ ትንሽ የመርጫ ሳጥን ገዛሁ። እንዲህ ያለው ሳጥን የሚታየውን ቀለም በከፊል ይይዛል፣ የቲነርን ትነት ግን እንዳለ ይመልሰዋል። ብናኙ ስለቀነሰና ልብሶቹም ነጭ ሆነው ስለቀሩ ችግሩ የተፈታ መሰለኝ፤ በዚህ መተማመን ላይ ሆኜ ነው እስከ ዛሬ የምጸጸትበትን ሥራ የጀመርኩት።

ሄልሜቶቹ የሚያብረቀርቅና የማይጫር የመጨረሻ ቅብ ስለሚፈልጉ፣ በመኪና ቀለም ቤቶች የሚሠራበትን ከማጠናከሪያ ጋር የሚቀላቀል ፖሊዩሬታን መርጨት ጀመርኩ። የዚህ ቅብ ማጠናከሪያ አይሶሳያኔት የተባሉ ኬሚካሎች አሉበት። እነዚህ ኬሚካሎች ከሥራ ጋር የተያያዘ አስም ከሚያስከትሉ ዋና ዋና ምክንያቶች መካከል የሚቆጠሩ ናቸው፣ ጎጂ በሆነ መጠን እያሉም ላይሸቱ ይችላሉ። ሰውነት ለወራት ወይም ለዓመታት ችሎ ቆይቶ አንድ ቀን ይቆጣቸዋል፤ አንዴ ከተቆጣ በኋላ ደግሞ እጅግ ጥቂት መጠን እንኳ ደረትን ሊዘጋ ይችላል። ይህ ሁሉ ከቅቡ ጋር በሚሰጠው የደኅንነት መረጃ ወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር። እኔ ያነበብኩት ግን የመደባለቂያውን መጠን ብቻ ነው።

ከስምንት ወራት በኋላ ሌሊት ሌሊት ሳል ጀመረኝ። ቀን እየረጨሁ ምንም አይሰማኝም፤ ማታ ከተኛሁ በኋላ ደረቴ ይጠብብኛል፣ ሲጢጥ የሚል ድምፅ ከደረቴ ይወጣል። ጉንፋን ነው ብዬ ሁለት ወር አሳለፍኩ። ሕመሙ የሚመጣው ከሥራው በኋላ በሰዓታት ዘግይቶ ስለነበር ሁለቱን ማገናኘት አልቻልኩም። በመጨረሻ የሄድኩባቸው ሐኪም ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁኝ ጥያቄ ሥራ በማልገባባቸው ቀናት ይሻልኝ እንደሆነ ነበር። ቆም ብዬ ሳስበው፣ ለአሥር ቀን ከወርክሾፑ ርቄ በነበርኩበት ጊዜ ሳሉ ጠፍቶ፣ በተመለስኩ በሁለተኛው ሌሊት ተመልሶ መምጣቱ ትዝ አለኝ። ሐኪሙ ትንፋሼን በኃይል የምነፋበት ትንሽ የመለኪያ ቱቦ ሰጥተውኝ በቀን አራት ጊዜ ለሦስት ሳምንታት በሥራ ቀንም በዕረፍት ቀንም እየለካሁ እንድመዘግብ አዘዙኝ። ቁጥሮቹ በሥራ ቀናት ይወርዱ፣ በዕረፍት ቀናት ይወጡ ነበር። ከሌሎች ምርመራዎች በኋላ የተነገረኝ ውሳኔ አጭር ነው፤ አስሙ በመድኃኒት ይያዛል፣ አይሶሳያኔት ወዳለበት አየር ግን ዳግመኛ መግባት የለብኝም፤ ሌላ ሰው በሚረጭበት ክፍል ውስጥ መቆምም ቢሆን።

እዚህ ላይ ለማንኛውም አንባቢ የምለው አለኝ። ማታ ማታ የሚመጣ ሳል፣ የደረት መጥበብ፣ የሚያቃጥል ዐይን ወይም የማይለቅ ራስ ምታት ካላችሁና በዕረፍት ቀናት የሚሻላችሁ ከሆነ፣ ወደ ሐኪም ስትሄዱ የምትረጩትን ቀለም፣ ቲነርና ማጠናከሪያ ስም ጽፋችሁ፣ ቢቻል የደኅንነት መረጃ ወረቀቶቻቸውን ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪም ያልነገራችሁትን ነገር ሊገምትላችሁ አይችልም። ደግሞም አትዘግዩ፤ በዚህ ዓይነት አስም ከምክንያቱ ቶሎ የራቀ ሰው ከዘገየው ይልቅ የመዳን ዕድሉ የተሻለ ነው።

ከሐኪሙ ስመለስ ለባልደረቦቼ ሁሉንም ነገር ነገርኳቸው። ከዚህ ሁሉ ታሪክ የከበደኝ ያ ንግግር ነው። ልብስ ሰፊዋ ለወራት ከሰዓት በኋላ ራሷን ያማት እንደነበር፣ ምክንያቱን ግን በዐይኗ ድካም ታመካኝ እንደነበር በዚያን ቀን ነገረችን። ከጠጋኞቹ አንዱ ሽታው ያስቸግረው እንደነበር፣ ሥራዬን ላለማስተጓጎል ብሎ ዝም ማለቱን ገለጸ። እንጨት ሠሪው ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና «ልጄ፣ እኔ መጋዜን ሳስነሣ ጆሯችሁን ሸፍኑ እላለሁ፤ አንተ ግን ስትረጭ አንድም ቀን ነግረኸን አታውቅም» አሉኝ። «ይቅርታ ጋሼ፣ ልክ ነዎት» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም። የመጋዝ ድምፅ ራሱን ያስታውቃል፤ የእኔ ጉም ግን ካልነገርኳቸው የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። በጋራ ቦታ የሚረጭ ሰው የመጀመሪያው ግዴታ የሚረጨው ነገር ምን እንደሆነ ለሁሉም አስቀድሞ መናገር ነው፤ ማስክ የሌለው ሰው ዝምታም ፈቃድ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

ከዚያ በኋላ ቦታውን አብረን አስተካከልን። አይሶሳያኔት ያለበት ማንኛውም ነገር ከወርክሾፑ ሙሉ በሙሉ ወጣ። ይህን ቅብ የግድ የሚፈልግ ሰው ትክክለኛ የመርጫ ክፍልና ንጹሕ አየር ከውጭ በቱቦ የሚያመጣ ማስክ ላለው ባለሙያ ይስጠው እላለሁ፤ ኬሚካሉ ስለማይሸት ተራው ማጣሪያ መቼ እንዳለቀ ማወቅ አይቻልምና። ለሌሎቹ ቀለሞች አየሩን ወደ ውጭ የሚያወጣ የመርጫ ሳጥን ሠራን። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በሳጥኑ አፍ ላይ አየሩ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ያህል ፍጥነት ወደ ውስጥ መሳብ አለበት። የሳጥናችን አፍ 60 በ50 ሴንቲሜትር ስለሆነ ማራገቢያው በሰዓት ቢያንስ 540 ሜትር ኩብ አየር ማውጣት ነበረበት፤ ማጣሪያውና ቱቦው ጉልበቱን ስለሚቀንሱት ከዚህ ከፍ ያለውን መረጥን። ቱቦውን አጭርና ቀጥ ያለ አደረግነው፣ ጫፉም ከማንም ሰው መስኮት ርቆ እንዲወጣ አደረግን። በተቃራኒው ወገን ያለው በር በመርጨት ጊዜ ክፍት ይሆናል፤ አየር የማይገባበት ክፍል አየር ሊያወጣ አይችልምና። በየቀኑ ከመጀመሬ በፊት አንድ ቀጭን የሶፍት ቁራጭ በሳጥኑ አፍ ላይ አንጠለጥላለሁ፤ ወደ ውስጥ ዘንበል ካላለ ማጣሪያው ተደፍኗል ማለት ነው፣ እስኪቀየርም ድረስ አልረጭም።

ስለ እሳት ያለኝ ስጋት ከሳንባው ያላነሰ ሆኗል። አሴቶን ሊቀጣጠል የሚችል ትነት መስጠት የሚጀምረው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ በብዙ ቲነሮች ውስጥ ያለው ቶሉዊን ደግሞ በ4 ዲግሪ። ስለዚህ በማንኛውም ተራ ክፍል ሙቀት ሁለቱም ለእሳት ዝግጁ ናቸው። ትነታቸው ከአየር ስለሚከብድ ወለል ወለሉን ይሄዳል፣ ራቅ ብሎ ያለ ብልጭታ ላይም ሊደርስ ይችላል። እኔ በምረጭበት ሰዓት ከጀርባዬ የብረት መፍጫ ሲያበልጭ፣ የኤሌክትሪክ ማሞቂያም ሲቀላ የነበረባቸው ቀናት ብዙ ነበሩ፤ እሳት ሳይነሣ ማለፉን እንደ ትልቅ ምሕረት እቆጥረዋለሁ። አሁን የመርጨት ሰዓት በሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ በዚያ ሰዓት መፍጫ አይነሣም፣ ማሞቂያ አይበራም፣ መበየጃ አይሰካም። የሳጥኑ ማራገቢያም ሞተሩ ከሚወጣው አየር ውጭ የሆነ ነው፤ ተራ ሞተር በውስጡ የሚያወጣው ጥቃቅን ብልጭታ በቲነር ትነት መካከል መቀመጥ የለበትም። ቲነር የነካቸው ጨርቆች ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ ገብተው በየቀኑ ይወጣሉ። የተልባ ዘይት ያለበትን ጨርቅ በተለይ ጨምድዳችሁ ጥግ ላይ አትጣሉ፤ ሲደርቅ ራሱን በራሱ አሙቆ ሊቀጣጠል ይችላል።

ኮምፕሬሰሩም የራሱ ታሪክ አለው። የምንጠቀመው እስከ 8 ባር የሚደርስ አንድ ትልቅ ኮምፕሬሰር ሲሆን፣ አንድ ቀን ከእኔ በፊት የተጠቀመው ሰው ለሌላ ሥራ ግፊቱን ከፍ አድርጎት ሄዷል። እኔ መለኪያውን ሳላይ ኤርብረሹን ሰክቼ ቫልቩን ስከፍተው ቀጭኑ የአየር ጎማ ከመያዣው ተስፈንጥሮ ወጣ፣ ጽዋው ውስጥ የነበረው ቲነርም ዐይኔ ላይ ተረጨ። መነጽር አላደረግሁም ነበር። ሩብ ሰዓት ሙሉ ዐይኔን በሚፈስ ውኃ ሳጥብ ቆይቼ ወደ ሐኪም ሄድኩ፤ ዐይኔ በደኅና ተረፈ። ዛሬ ለኤርብረሹ መስመር ብቻ የሚሆን ሁለተኛ የግፊት መቆጣጠሪያ አለን፣ ማንም ሰው ጎማ ከመሰካቱ በፊት መለኪያውን ያያል፣ ከመንቀሉ በፊትም አየሩን ያስተነፍሳል። የታመቀ አየር ውኃ ስለሚያጠራቅም ከታንኩ ሥር ያለው ማፍሰሻ በየቀኑ ይከፈታል፤ ውኃው ከቆየ ሥራን ከማበላሸቱ በላይ ታንኩን ከውስጥ በዝገት ያሳሳዋል። በኮምፕሬሰሩ አየር ልብስን ወይም ሰውነትን ማራገፍም ከለከልን፤ ከፍተኛ ግፊት ያለው አየር በቆዳ ጭረት ሊገባና ከባድ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።

ብዙ ሰው የሚዘናጋበት ሰዓት ግን የማጽጃው ሰዓት ነው፤ እኔም እንዲሁ ነበርኩ። ሥራው ሲያልቅ ማስኩን አወልቅና ጽዋውን በንጹሕ ቲነር ሞልቼ ወደ አየር እረጨው ነበር። ቀለም ስለሌለበት አይታይም፣ ነገር ግን በቀኑ ውስጥ ከማደርገው ሁሉ ብዙ ትነት የሚወጣው በዚያች ጊዜ ነበር። አሁን የማጸዳው ማስኬን እንዳደረግሁ፣ ማራገቢያው እየሠራ፣ በሳጥኑ ውስጥ በተቀመጠ ክዳንና ማጣሪያ ባለው የማጽጃ ማሰሮ ውስጥ ነው። መርፌውንና አፍንጫውን ፈትቼ በትንሽ ብሩሽ አጸዳለሁ፤ ይህ አሠራር ቲነርን ወደ አየር ከመርጨት እጅግ ያነሰ ፈሳሽ ይጠይቃል። ጓንትም አደርጋለሁ፤ ሆኖም ናይትራይል የሚባለው ጓንት አሴቶንን በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚያሳልፍ፣ አሴቶን ሲፈስበት ወዲያው እቀይረዋለሁ። ቲነር በመጠጥ ጠርሙስ አይቀመጥም፤ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን። በጋራ ቦታ ያን ጠርሙስ ማን እንደሚያነሣው አይታወቅም።

ስለ ማስኩ የተማርኩትን ልጨምር። ለቲነር የሚሆነው ፊት ላይ የሚገጥም የጎማ ማስክ ሲሆን፣ ለትነት የሚሆን የከሰል ማጣሪያና ከፊቱ ለብናኝ የሚሆን ሌላ ማጣሪያ ይኖሩታል። በአውሮፓ ምልክት ለኬሚካል ትነት የሚሆነው ማጣሪያ ቡናማ፣ ለብናኝ የሚሆነው ነጭ ቀለም አለው፤ በአሜሪካ ምልክት ደግሞ ጥቁርና ደማቅ ሮዝ ናቸው። እንደ አሴቶን ከ65 ዲግሪ በታች ለሚፈሉ ፈሳሾች በአውሮፓው አመዳደብ ኤኤክስ የተባለ ሌላ ዓይነት ማጣሪያ ያስፈልጋል። ማስኩን ባደረግሁ ቁጥር ማጣሪያዎቹን በመዳፌ ሸፍኜ ወደ ውስጥ እተነፍሳለሁ፤ ማስኩ ወደ ፊቴ ተጣብቆ ካልቀረ አየር በጎን እየገባ ነው። ጺም ካላችሁ ማስኩ አይገጥምም፤ እኔ ጺሜን መላጨት ግድ ሆኖብኛል። ከሰሉ ጠረጴዛ ላይ ተጥሎም ቢሆን በክፍሉ ያለውን ትነት መምጠጡን ስለማያቆም፣ ከሥራ በኋላ በሚዘጋ ከረጢት ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፣ የከፈትኩበትን ቀንም በላዩ ላይ እጽፋለሁ። ማስክ አይጋራም፤ ሁሉም የየራሱ አለው።

አሁን በወርክሾፑ ሰባት ሰዎች ሆነናል። እኔ በውኃ የሚቀጥን ቀለም ብቻ በሳጥኑ ውስጥ እረጫለሁ፣ መድኃኒቴን በኪሴ እይዛለሁ፣ መርጨት ካቆምኩም በኋላ ማራገቢያው ለግማሽ ሰዓት እንዲሠራ እተወዋለሁ። በዚያ ሰዓት ቀለምም ሆነ ቲነር አዲስ የመጣ ካለ የደኅንነት ወረቀቱን በሳጥኑ አጠገብ በተሰቀለው ማኅደር ውስጥ አስገባለሁ፤ ማንም ሰው አንብቦ አይረጭብኝ ማለት ይችላል፣ እስካሁንም ሁለት ጊዜ ተብሏል፣ ሁለቱንም ቀለሞች መልሻለሁ። ያ የእጅ ባትሪ ከሳጥኑ ጎን ምስማር ላይ ተሰቅሏል። አዲስ ሰው ወርክሾፑን ሲቀላቀል በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ምሽት አብረን እንቀራለን፤ ማራገቢያውን አጥፍቼ ማስኮቻችንን አድርገን ውኃ ብቻ የገባበት ጽዋ ላይ ጥቂት የቀለም ጠብታ ጨምሬ ለሁለት ደቂቃ እረጫለሁ፣ መብራቱን አጠፋለሁ፣ ባትሪውንም ለእሱ ሰጥቼ ክፍሉን በራሱ እግር እንዲዞረው አደርጋለሁ። ከዚያ ማራገቢያውን አስነሥተን፣ በሩን ከፍተን፣ ጨረሩ እስኪጠራ ድረስ ምን ያህል ደቂቃ እንደሚፈጅ አብረን በሰዓት እንቆጥራለን።